ከምሳ እስከ ልምምድ፦ ለስፖርተኛ ልጃችን የቱን እንምረጥ?

ልጁ 6 ሰዓት ላይ ምሳውን ይበላል። ልምምድ 10 ሰዓት ይጀምራል፣ 11 ተኩል ያልቃል። ታክሲ ተሰልፎ፣ መንገድ ተዘግቶ ቤት ሲደርስ 1 ሰዓት ይሆናል። ከምሳ እስከ ራት ሰባት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። በመሃል አንድ ሰዓት ተኩል ሮጧል፣ ዘሏል፣ ተጋጭቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የቀመሰው ብዙ ጊዜ አንድ ብስኩትና ለስላሳ ነው።

የብዙ ወላጅ ጭንቀት ግን ሌላ ነገር ላይ ነው። የፕሮቲን ዱቄት ልግዛለት? ጂም ላስመዝግበው? ቅዳሜና እሁድ የሚያሠለጥነው ሰው ልፈልግለት? ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም። ለልጅ ከማሰብ የመጡ ናቸው። ግን ገንዘቡም ጊዜውም እዚያ ላይ ከማለቁ በፊት የሰባት ሰዓቱ ክፍተት ይዘጋ።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ፣ ለትምህርት ቤታቸው የሚጫወቱ ወይም የሚሮጡ ልጆች ላሏችሁ ነው የምጽፈው። አቋሜን ቀድሜ ልንገራችሁ። በዚህ ዕድሜ ለውጥ የሚያመጣው በቂ የቤት ምግብ በሰዓቱ መብላትና በቂ እንቅልፍ ነው። ከታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው። ልጃችሁ ስኳር፣ አስም ወይም የልብ ችግር ካለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሩ።

ከልምምድ በፊት፦ በሶ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ወይስ ፓስቲ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነውና።

ጡንቻ በፍጥነት ሲሠራ የሚያነደው በዋናነት ካርቦሃይድሬት ነው። ምሳ ላይ የተበላው እንጀራ ከአራት ሰዓት በኋላ ከሆድ አልፏል። ስለዚህ 9 ሰዓት አካባቢ አንድ ነገር መግባት አለበት። ጥያቄው ምን የሚለው ነው።

በሶ እኔ የማስቀድመው ነው። ገብስ ነው፣ የተቆላ ነው፣ ለረጅም ጊዜ አይበላሽም፣ ርካሽ ነው። ከ100 ግራም ውስጥ 70 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው፤ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲንም አለው። በማርና በውሃ አሽታችሁ ምሳ ዕቃው ጥግ ላይ ሁለት ሦስት ድቡልቡል ብታስቀምጡለት ይበቃዋል። ጉዳቱ ቶሎ የማይፈጭ መሆኑ ነው። ከልምምድ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 10 ደቂቃ ሲቀረው በበሶ የጠገበ ልጅ ሲሮጥ ሆዱን ይወጋዋል።

በጥብጦ መጠጣት የሚወድም አለ። ያ ከሆነ ጠዋት በጥብጣችሁ አትስጡት፤ እስከ 9 ሰዓት ይኮመጥጣል። ደረቁን ዱቄት ከጥቂት ስኳርና ከቁንጥር ጨው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ አድርጉለት። ውሃውን እዚያው ይጨምርና ይመታዋል። ቅቤ የጠጣው ጭኮ ደግሞ ለዚህ ሰዓት አይሆንም። ቅባቱ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ልምምድ ለሌለበት ቀን ወይም ለቅዳሜ ጠዋት ቁርስ አቆዩት።

ሙዝ ሰዓቱ ለጠበበበት ልጅ ይሻላል። ግማሽ ሰዓት ሲቀር ቢበላ እንኳ አያስቸግርም። አንዱ መካከለኛ ሙዝ ወደ 27 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ አንድ ሙዝ ብቻ ትንሽ ነው። ከአንድ ዳቦ ጋር ቢሆን ግን ጥሩ ነው። ዳቦው ላይ ማር ወይም ማርማላታ ይቀባ፤ ኦቾሎኒ ቅቤው ለበኋላ ይቆይ።

ቆሎ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ምርጥ ምግብ ነው፣ ግን ሰዓቱ ይህ አይደለም። ሽንብራውና ኦቾሎኒው አሰርና ቅባት አላቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። ቆሎን ልምምድ ሲያልቅ፣ ታክሲ ሲጠብቅ ይብላው። ያን ጊዜ ከሙዝም ይበልጣል።

ፓስቲ፣ ሳምቡሳና ቺፕስ ከትምህርት ቤት በር ላይ ስለማይጠፉ ማስቀረት ከባድ ነው። ዘይቱ ሆድ ውስጥ ከብዶ ይቆያል፤ ልጁም ሜዳ ላይ ይከብደዋል። ልምምድ በሌለበት ቀን ይብላ። በልምምድ ቀን ግን ሌላ ነገር በቦርሳው ይኑረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረምሳ ልጅ ጓደኞቹ ፊት ምሳ ዕቃ መክፈት ሊያፍር ይችላል። በተለይ በሶ። አትቆጡት። ሁለት ሦስት አማራጭ አቅርቡለትና እሱ ይምረጥ። ሳይበላ ከሚመለሰው በሶ የተበላው ዳቦ በሙዝ ይሻላል።

ጠዋት ለሚሮጡት

መስቀል አደባባይ ወይም ጃንሜዳ በጠዋት ብትሄዱ ታዩዋቸዋላችሁ። 12 ሰዓት ሳይሞላ የትምህርት ቤት ልጆች ከትልልቆቹ ጋር ይሮጣሉ። ሦስት ምርጫ አላቸው፦ በባዶ ሆድ፣ በሻይና በዳቦ፣ ወይም ሙሉ ቁርስ በልቶ።

ሩጫው ቀላልና ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ ከሆነ በውሃ ብቻ መውጣት ለጤነኛ ልጅ ችግር የለውም። ፍጥነት ያለበት ወይም ከአንድ ሰዓት የሚያልፍ ከሆነ ግን ግማሽ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይቅመስ። ሙሉ ቁርስ ከሩጫ በፊት አይመከርም፤ ጊዜም የለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሩጫው በኋላ ያለው ነው። ብዙ ልጅ ሮጦ፣ ታጥቦ፣ ቁርስ ሳይበላ ክፍል ይገባል። እስከ 6 ሰዓት ደግሞ ራሱን እየጎተተ ይማራል። የጠዋት ልምምድ የሚመረጠው ከእሱ በኋላ ፍርፍር፣ ቂንጬ፣ ገንፎ ወይም ፉል የሚበላበት ግማሽ ሰዓት ካለ ብቻ ነው።

እንቅልፉም ይቆጠር። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መተኛት አለበት። የቤት ሥራ እስከ 5 ሰዓት የሚያስመሸው ከሆነ የጠዋቱ ልምምድ ከሚሰጠው የሚወስደው ይበዛል። እንዲህ ላለው ልጅ የከሰዓቱን ብቻ ምረጡለት።

እንቁላል፣ ወተትና ሽሮ ወይስ የፕሮቲን ዱቄት?

ስፖርት የሚሠራ ልጅ በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ60 እስከ 80 ግራም ነው። ብዙ ይመስላል። ግን እንቁጠረው።

ጠዋት ሁለት እንቁላል በዳቦ፦ 18 ግራም ገደማ። ምሳ እንጀራ በምስር፦ 20 ግራም አካባቢ። ከልምምድ በኋላ አንድ እፍኝ የሽንብራና የኦቾሎኒ ቆሎ፦ 8 ግራም ያህል። ራት እንጀራ በሽሮ፦ ሌላ 20። ከመተኛቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ወተት፦ 8። ድምሩ 70 አለፈ። ሥጋ አልነካንም።

አንድ ማንኪያ የፕሮቲን ዱቄት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ሦስት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ያንኑ ይሰጣሉ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ካልሲየም፣ ቫይታሚንና ስብ ይዘው ይመጣሉ። የዱቄቱ ሌላ ችግር ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑ ነው። የተከለከለ ነገር የተቀላቀለባቸው ማሟያዎች በዓለም ላይ በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። በፀረ አበረታች ሕግ ደግሞ በአትሌቱ ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው፤ አላወቅሁም ማለት አያድነውም። ነገ ክለብ ለሚመኝ ልጅ ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ክሬቲን የሚባለውን የጡንቻ ማጎልበቻ ማሟያም ለታዳጊ አልመክርም።

«የእኛ ምግብ እንጀራ ብቻ ነው፣ ኃይል የለውም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 10 የኢትዮጵያ ታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች ዝግጅት ላይ እያሉ የሚበሉትን መዝኖ ነበር። ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ ፕሮቲኑ 12 በመቶ አካባቢ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። እና ዓለምን ያሸነፉ።

ለሴት ልጆች፦ ደም፣ ብረትና የምግብ ሰዓት ሻይ

ይህን ክፍል የሴት ልጅ ወላጆች እባካችሁ አትዝለሉት።

የወር አበባ የጀመረች ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል። የወንዱ 11 ነው። ሩጫ ሲጨመር ፍላጎቱ ይጨምራል። ጤፍ ብረት አለው፤ ምስርም፣ ሽሮም፣ ጎመንም። ነገር ግን ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት የሚወስደው በጥቂቱ ነው። የሊጡ መቡካት ይረዳል። ምን አብሮት እንደሚበላም ይወስናል።

ሁለት ገበታ እናወዳድር። አንደኛው ምስር በእንጀራ፣ ወዲያው ላዩ ላይ ሻይ ወይም ቡና። ሁለተኛው ያው ምስር በእንጀራ፣ ከጎኑ የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ ሎሚ ተጨምቆበት፤ ሻዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ምግቡም ወጪውም ያው ነው። ሻይና ቡና ብረቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ በሎሚውና በቃሪያው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ እንዲገባ ይረዳል። ሁለተኛውን ምረጡ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ትንሽ ሥጋ ወይም ጉበት ከተጨመረ ደግሞ እሰየው።

ድሮ በቀላሉ ትወጣው የነበረው ዳገት ካደከማት፣ ፊቷ ከገረጣ፣ ያለ ምክንያት ከቀድሞው ቀርፋፋ ከሆነች ደሟን አስመርምሩ። የብረት ክኒን ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ትክክል አይደለም። ውጤቱን ስትጠይቁም የምትኖሩበትን ከፍታ ያገናዘበ መሆኑን ጠይቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፣ ቆላ ላይ «ደህና» የሚባለው ቁጥር እዚህ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የወር አበባ ነው። ሩጫ የጀመረች ልጅ ለሦስት ወር ከቀረባት «ስፖርት ስለምትሠራ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምግቧ ለምትሠራው ሥራ ማነሱ ነው። አጥንቷም ይጎዳል። «ቀጭን ከሆንሽ ትፈጥኛለሽ» የሚል አሰልጣኝ ካለ ደግሞ ሄዳችሁ አነጋግሩት።

በጾም ወራት

ኦርቶዶክስ ቤት ውስጥ ይህ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚመለከተን ጉዳይ ነው። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፤ የትምህርት ቤት ውድድር ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል። ለስፖርተኛ ልጅ ሦስት መንገድ አየሁ።

የመጀመሪያው እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ጹሞ ከዚያ መብላት። ልምምዱ 10 ሰዓት ስለሆነ ሰዓቱ የሚገጥም ይመስላል። ግን ባዶ የቆየ ሆድ 9 ሰዓት ላይ ሞልቶ በላ፣ 10 ሰዓት ላይ ሮጠ ማለት ነው። የቀኑም ምግብ በሁለት ገበታ ይጠባል፤ ለሚያድግ ልጅ አይበቃም።

ሁለተኛው የፍስክ ምግብ ትቶ በሰዓቱ መብላት ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ የ9 ሰዓት በሶ፣ ራት፤ ሁሉም የጾም። ውድድር ላይ ላለ ልጅ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ሰዓቱን ጠብቆ እየጾሙ ልምምዱን ማቅለል ነው። ለሰሞነ ሕማማት ይህ ይስማማል፤ አሰልጣኙ ቀድሞ ከተነገረው አብዛኛውን ጊዜ ይረዳል።

ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆን ልጁ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። እናንተ ብቻችሁን አትወስኑለት። እሱም ሳይነግራችሁ በራሱ እንዳይጨክን ጠይቁት። እምነቱን የሚወድ ልጅ ሜዳ ላይ እየዞረበትም ዝም ሊል ይችላል።

በጾም ገበታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጉልበት የሚሰጠው ቅባት ነው። ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ ይጨመር። ወተት ስለሌለ ካልሲየሙ ከጤፍ፣ ከጎመንና ካልተላጠ ሰሊጥ ይመጣል። ሽሮው ወፈር ይበል። ድንች ወጥ በእንጀራ ብቻ ለራት አይበቃም፤ አጠገቡ ምስር ወይም ክክ ይኑር።

በረመዳን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ውሃም የለምና። ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ቀላል ልምምድ፣ ኳስ መንካት፣ ሰውነት ማፍታታት ይቻላል። ወዲያው ያፈጥራል፣ ይጠጣል። ከባዱ ሩጫ ከኢፍጣር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ይሁን፤ ሱሁርና (ከንጋት በፊት የሚበላውና) እንቅልፍ እንዳይጋጩበት ግን በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ሱሁር ሳይበላ የጾመ ልጅ የዚያን ቀን ከልምምድ ይቅር።

የሚጠጣው

አጭር ነው። ለአንድ ሰዓት ተኩል ልምምድ ውሃ ይበቃል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ልጁ ላብ ባያይም ውሃ ያልቅበታል፤ ጠዋት ሽንቱ ጠቆር ካለ ጠጥቶ አላደረም። ኤሌክትሮላይት (በላብ የሚወጡ ጨዎች) ያላቸው የስፖርት መጠጦች ጥቅም ያላቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ እረፍት በኃይል ሲሠራ ወይም በሙቀት ነው። ድሬዳዋ ላይ በቀን ሁለት ጨዋታ ያለው ቡድን ሊያስፈልገው ይችላል። ለክፍል ግጥሚያ አያስፈልግም። አንድ ጣሳ ለስላሳ 35 ግራም ያህል ስኳር ስላለው በውሃ ፈንታ አይሆንም።

የኃይል መጠጦች ግን ፈጽሞ አይሆኑም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ቦታ የላቸውም ብሎ ደምድሟል። አንድ ትንሽ ጣሳ 80 ሚሊግራም ያህል ካፌይን ይይዛል። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ከጨዋታ በፊት ጓደኞቹ እንዲጠጣ ሊገፋፉት ስለሚችሉ ቀድማችሁ አዋሩት።

የትምህርት ቤቱ ቡድን ብቻ ወይስ ፕሮጀክትና ጂምም?

አንድ የ14 ዓመት ልጅ እናስብ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት ቤቱ ቡድን ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይሠራል። ማክሰኞና ሐሙስ የሰፈር ፕሮጀክት (የታዳጊዎች ሥልጠና) አለው፤ እሱም አንድ ሰዓት ተኩል። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሁለት ሰዓት። ጓደኛው ጂም ስላስገባው ሦስት ቀን ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብረት ያነሳል። ድምሩ 14 ሰዓት ተኩል። የእረፍት ቀን የለም።

የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ልጁን ያሠራው አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ ትንሽ ነው ብሎ ያስባል። የፕሮጀክቱ አሰልጣኝም እንደዚያው። ሁለቱ አይገናኙም። ሳምንቱን ሙሉ የሚያየው ወላጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆጠራው የእናንተ ሥራ ነው።

የስፖርት ሐኪሞች የሚሰጡት ቀላል ልክ አለ፦ በሳምንት የሚሠራው የተደራጀ ልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ። የ14 ዓመቱ ልጅ ከ14 ሰዓት በታች ማለት ነው። ይህ ጣሪያው ነው፤ ጣሪያው ላይ መድረስ ግዴታ አይደለም። በዓመት ውስጥም ከአንዱ ስፖርት በድምሩ ሁለት ሦስት ወር ቢያርፍ ጥሩ ነው። ክረምቱ ለዚህ ይመቻል።

ከምርጫዎቹ የትምህርት ቤቱ ቡድን ብቻ ለብዙው ልጅ ይበቃል። ሦስት ቀን ልምምድ፣ አንድ ጨዋታ፣ ሰፈር ውስጥ ኳስ። ፕሮጀክት የሚጨመረው ልጁ ራሱ ሲጠይቅና ከትምህርት ቤቱ ሁለት ቀን ሲቀንስ ነው። ሁለቱን በሙሉ መያዝ ውጤቱን ብዙ ጊዜ አያሻሽልም፤ ድካሙን ግን ይጨምራል። እንደ አሰላው የጥሩነሽ ዲባባ ማዕከል ወይም አዲስ አበባ እንዳለው የስፖርት አካዳሚ ያለ ቦታ ተመልምሎ የገባ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ልምምዱም ምግቡም መኝታውም አንድ ቦታ ስለሆነ የሚቆጣጠረው ሰው አለ።

የትምህርት ቤት ስፖርት ዝቅ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። የበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ጎበዝ የስፖርት አስተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ካገኛችሁ ሌላ ብዙ መፈለግ የለባችሁም።

አንድ ስፖርት ወይስ ብዙ? እስከ 15 እና 16 ዓመት ድረስ ብዙ እላለሁ። እግር ኳስ የሚጫወት ልጅ ቢሮጥ፣ የምትሮጥ ልጅ መረብ ኳስ ብትጫወት አንዱ የሰውነት ክፍል ብቻውን አይለፋም።

ጂምን በተመለከተ «ብረት ማንሳት ቁመት ያሳጥራል» የሚለው እውነት አይደለም። አደጋው ያለው የሚያይ ሰው በሌለበት ከአቅም በላይ በማንሳት ላይ ነው። በቤት ውስጥ ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክና ገመድ ዝላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። ገንዘቡን ለጫማ አድርጉት። ሶሉ ያለቀ ጫማ ብዙ ጊዜ ቅልጥም ያሳምማል።

በውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸው በሃይስኩል አገር አቋራጭ የሚሮጡላቸው ብዙ ወገኖች አሉ። ውድድሩ ባብዛኛው 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወቅቱም መጸው። እዚያ ክፍተቱ ይብሳል፤ የትምህርት ቤት ምሳ እኩለ ቀን ሳይደርስ የሚበላበት ቦታ አለ። ልጁ ካፊቴሪያ ውስጥ እንጀራ መክፈት ላይፈልግ ይችላል። ለምሳ ሩዝ በምስር ወይም ሳንድዊች ይያዝ፣ ከክፍል ሲወጣ ሙዝና ዳቦ ይብላ፣ እንጀራው ለራት ይቆየው። በገልፍ አገሮች ላላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሙቀቱ ነው። ልምምድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም አዳራሽ ውስጥ ይሁን፣ ውሃውም ሳይጠማው ይጠጣ።

ሲያመው፦ ይቀጥል፣ ይረፍ፣ ወጌሻ ወይስ ሐኪም?

በዚህ ዕድሜ አጥንት ከጅማት ቀድሞ ያድጋል። ከጉልበት ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት የሚያብጥባቸውና የሚያማቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል። ተረከዝም እንዲሁ ያማል። እድገቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሩጫና ዝላይ መቀነስ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝና ጭን ማፍታታት ይረዳሉ። ሙሉ በሙሉ ማቆም ሁልጊዜ አያስፈልግም።

ልኩ ይህ ነው። ሲሞቀው የሚጠፋ፣ አረማመዱን የማይቀይር ሕመም ከሆነ ቀለል አድርጎ ይቀጥል። የሚያነክሰው ከሆነ ያቁም። ጣት የምታክል አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ቅልጥም ላይ፣ ሲነካ የሚያመውና ከቀን ቀን የሚብስ ከሆነ አጥንቱ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመምም እንደዚያው። እየሮጠ ራሱን ከሳተ ወይም ደረቱን ካመመው በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ እስኪመረመርም ሜዳ አይግባ።

ወጌሻን በተመለከተ ብዙዎቻችን የምናምናቸው ሰዎች አሉ፤ ጡንቻ ላፈነገጠ አዋቂ ይረዱ ይሆናል። የልጅ አጥንት ግን ጫፉ ላይ ገና ያልጠነከረ፣ የሚያድግበት ክፍል አለው። ወለምታ የሚመስለው ጉዳት የዚያ ክፍል ስብራት ሊሆን ይችላል። ሳይታይ ከታሸ ወይም ከተጎተተ እግሩ አጥሮ ወይም ጠሞ ሊቀር ይችላል። በጠባብ የታሰረ እግርም ደም አጥቶ የተቆረጠበት ጊዜ አለ። ቁርጭምጭሚቱ ካበጠና አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሳ። እስከዚያ ድረስ በረዶ ያድርግ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ይቀመጥ፣ ማንም አይሸው።